በከሪማ ስም የወጣው ቨርዥን አራት

አባይነሽ የተቃጠለች ዕለት ከሪማ ወርክሾፑ ውስጥ ቦርድ እየበየደች ነበር። ስልኩን ያነሳው የወርክሾፑ ባለቤት ፈንታሁን ነው። አዳመጠና ዘጋው። ከዚያ ወደ ከሪማ ዞሮ፣ እነሱ ቦርድ የገጠሙለት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የማቅለሚያ ማሽን ክዳን የፈላ ቀለም እንደያዘ ተከፍቶ አንዲት ሠራተኛ ላይ እንደገነፈለባት ነገራት። ሴትየዋን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አድርሰዋታል። ከሪማ መበየጃውን እንኳ ሳታስቀምጥ እንዴት ሊከፈት እንደቻለ ጠየቀችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አላት ፈንታሁን። «ፕሮግራሙ ያንቺ ነው። ስምሽም አለበት።»

ከሪማ የደጋን ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቁጡ ናት ይሏታል፤ እሷም አታስተባብልም። ኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ ተምራ፣ ፕሮግራም መጻፉን ደግሞ አብዛኛውን በራሷ ለምዳ፣ ሥራ ስትፈልግ ጦርነቱ ደረሰ። ጦርነቱ ሲያልፍ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ማሽናቸው ቆሞ፣ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ተነቅሎ፣ ሽቦው ተንጠልጥሎ ነበር። ቦርድ ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። ያን ጊዜ ደሴ ፒያሳ ቴሌቪዥን ይጠግን የነበረው ፈንታሁን ዕቃውን ጭኖ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ወርክሾፕ ከፈተ። ቦርዱን እዚሁ እንሥራው አለ። እሱ ቦርዱን ሠራ፣ ከሪማ ፕሮግራሙን ጻፈች፣ ደምለው የሚባል ቴክኒሻን እየዞረ ገጠመ። የቆመው ማሽን ተነሳ፤ ቤቱ ተቀምጦ የነበረ ሠራተኛ ወደ ሥራው ተመለሰ። በዚያ ወቅት ፈንታሁንን የማይመርቅ ሰው አልነበረም። ከሪማም ትመርቀው ነበር።

የማቅለሚያ ማሽኑ ማለት ክዳኑ የሚቆለፍ ግዙፍ የብረት ድስት ነው። ጨርቁና ቀለሙ አብረው በእንፋሎት ታፍነው ይፈላሉ። ውስጡ ሳይበርድና እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑ መከፈት የለበትም፤ መቆለፊያውን የሚይዘውም የሚለቀውም የእነ ከሪማ ቦርድ ነው። ቦርዱ ሙቀቱን የሚያውቀው በአንዲት ቀጭን ሽቦ ከተያያዘ ሴንሰር ነው።

ጉዱ ያለው እዚያች ሽቦ ላይ ነበር። ሽቦዋ ከተበጠሰች ቦርዱ ዜሮ ያነባል። ቨርዥን ሦስት የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ዜሮን «ቀዝቅዟል» ብሎ ይተረጉማል። ቀዝቅዟል ካለ ይከፍታል። ይህን ስህተት ያገኘችው ራሷ ከሪማ ናት፤ ለፈንታሁን ነገረችው፤ አስተካክዪው አላት። ቨርዥን አራትን ጀመረች። አዲሱ ፕሮግራም ሙቀቱ በድንገት ከወረደበት አያምንም፤ ክዳኑን እንደያዘ ይጮኻል። ችግሩ፣ ሲሞክሩት ያለ ምክንያትም ይጮህ ነበር። እርጥበት ሴንሰሩን ባወዛወዘው ቁጥር ክዳኑን ይዞ ይቀራል። ከሪማ ገና ነው አለች። ፋብሪካዎቹ ግን ስለ አሮጌው ፕሮግራም ስህተት ሰምተው ቨርዥን አራትን መጠየቅ ጀምረው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ግድ ነው። ፕሮግራም ተጽፎ ሲያልቅ ማሽን ብቻ ወደሚገባው ቋንቋ ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ ፋይሉን ከፍቶ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ትርጉም የማይሰጥ የምልክት ክምር ነው። ለዚህ ሲባል ፋይሉ ውስጥ ለሰው የምትተው አንዲት ክፍል አለች፤ ማስታወሻ ይሏታል። ማሽኑ አይፈጽማትም። ቨርዥኑ ስንተኛ እንደሆነ፣ ማን እንደፈተሸው እዚያ ይጻፋል። ይህችን ክፍል የሚያነብ፣ የሚሰርዝ፣ አዲስም የሚጨምር አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ። የሚጫኑት ሥዕል፣ የሚከፍቱት መስኮት የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፉ ነው የሚያሠሩት። መሣሪያውን ወደ ወርክሾፑ ያመጣችው ከሪማ ናት፤ የትኛው ቦርድ የትኛውን ፕሮግራም እንደያዘ እየተምታታባቸው ስለተቸገሩ። ደምለውንም ያስተማረችው እሷ ናት። መሣሪያው ማስታወሻዋን እንጂ የፕሮግራሙን ሥራ እንደማይነካ፣ ስለዚህም ሳይፈሩ ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ ደጋግማ ነግራዋለች።

አደጋው በደረሰ ማግስት የፋብሪካው ቦርድ ተነቅሎ መጣ። ከሪማ ፋይሉን አውጥታ ማስታወሻውን አነበበች። «ቨርዥን አራት። ተፈትሾ ጸድቋል። ከሪማ» ይላል።

አላጸደቀችም። ቨርዥን አራት ገና ጠረጴዛዋ ላይ ነው።

የራሷን ቨርዥን ሦስት አወጣች። የሁለቱንም ቅጂ ወስዳ በዚያው መሣሪያ ማስታወሻቸውን ሰረዘችና የቀረውን ጎን ለጎን አስተያየችው። በአንዲት ምልክት እንኳ አይለያዩም። ሴትየዋን ያቃጠለው አሮጌው ፕሮግራም ነው። አዲስ የሆነው ስያሜውና የእሷ ስም ብቻ ነበር። ላፕቶፑን ዘግታ ተነሳች።

ደምለውን ግቢው ውስጥ ሽቦ ሲጠቀልል አገኘችው። ማን ነው የነካው ብትለው አልካደም።

«ሥራውን አልነካሁትም» አለ። «ማስታወሻውን ብቻ ነው የቀየርኩት። ጋሼ ፈንታሁን ቀይር አለኝ፣ ቀየርኩ።»

«ስሜንስ?»

«ድሮም እኮ የሚጻፈው ያንቺ ስም ነው። ሌላ ማን ልበል?»

ፋብሪካዎቹ ቨርዥን አራት ካልሆነ አንረከብም እንዳሉ፣ ቨርዥን አራት ደግሞ ክዳን ይዞ እያስቸገረ እንደሆነ፣ ሦስት ግን ከርሞ የሠራና የሚታመን እንደሆነ አስረዳት። ድምፁ የሰነፍ አልነበረም፤ አንድ ጥሩ ዘዴ እንዳገኘ ሰው ነበር የሚያወራው። ከሪማ ቢክዳት ይሻላት ነበር። ካደ ብላ ትጮህበት ነበር። አሁን ግን የምትጮህበት ነገር እንኳ ስላጣች ትታው ወደ ፈንታሁን ቢሮ ገባች።

ፈንታሁን ሽቦ እንደሆነ ይበጠሳል፣ አደጋ ነው አላት። ከሪማ ሽቦ እንደሚበጠስማ አስቀድማ እንደነገረችው አስታወሰችው። እሱም አልረሳሁም አለ። ቨርዥን አራት ሲያልቅ ዞረው እውነተኛውን ሊያስገቡ አስበው ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ምንም አይመጣም ብሎ ነበር።

«ሌሎቹ ፋብሪካዎችስ?» አለችው። «ሌሎቹ ጋ የገባው የትኛው ነው ጋሼ?»

«ያው ነው» አላት።  የማቅለሚያ ማሽኖቹ በሙሉ ያንኑ ስም የተለጠፈበት አሮጌ ፕሮግራም ይዘው በዚያች ሰዓት ቀለም እያፈሉ ነው።

ዛሬውኑ ይቁሙ አለችው። ካቆምናቸው ዳግመኛ ማንም ወርክሾፑን አያምንም፣ እዚህ የሚሠራው ሰው ሁሉ ይበተናል አላት። ቀስ ብለን በጸጥታ እንቀይረዋለን አላት። እንደማትስማማ ሲያይ፣ ሳይቆጣ፣ እንደሚመክር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማስታወሻው ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው። ቢመረመር መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ይመስልሻል?» አላት።

ከሪማ ይህን እስኪላት ድረስ ፈንታሁንን አጥፍቷል እንጂ ክፉ ነው አላለችም ነበር። ላፕቶፗን ከጠረጴዛ አንስታ ወጣች፤ ወደዚያ ግቢ ዳግመኛ አልተመለሰችም።

በባጃጅ መጀመሪያ የሄደችበት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጁ አስገብቶ አዳመጣት። አዳምጦ ሲጨርስ ግን እሷ ፊት ለፈንታሁን ደወለ። ከወዲያ የተባለውን ባትሰማም የሰውየው ፊት ሲለወጥ አየች። ከአሠሪዋ ተጣልታ እንደወጣች እንደተነገረው፣ የሰዎች ጠብ ውስጥ መግባት እንደማይፈልግ ገልጾ በትህትና አሰናበታት። ከሪማ በሩ ላይ ቆማ፣ ከፈለጉ እኔን ሌባ ይበሉኝ፣ ብቻ ዛሬ ማሽኑን አያብሩት ብላ ለመነችው። ጥበቃው ክንዷን ይዞ አስወጣት።

ሁለተኛው ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ሰርካዲስ የምትባል ሴት ናት። በማሽን ጩኸት ውስጥ ስትናገር ከርማ፣ ከጩኸቱ ውጭም ድምጿን ዝቅ ማድረግ የማትችል፣ ቀጥተኛ ሴት። ከሪማ ላፕቶፗን ከፍታ ሁለቱን ፋይሎች ልታሳያት ስትጀምር አቋረጠቻት።

«ይሄን አታሳዪኝ፤ አይገባኝም። ማሽኑን አሳዪኝ።»

ማሽኑ ውስጥ ያለ ጨርቅና ያለ ቀለም ተራ ውሃ ሞሉ፤ እንፋሎቱ ሳይጠና እንዲሞቅ ብቻ አደረጉት። ሰርካዲስ ሠራተኞቹን ሁሉ ከክፍሉ አስወጥታ በር ላይ አቆመቻቸው። ቦርዱ ከማሽኑ ራቅ ብሎ ግድግዳ ላይ ነው ያለው። ከሪማ ሙቀቱ ወጥቶ እስኪቆም ጠበቀች፤ ከዚያ የሴንሰሩን ሽቦ ነቀለችው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ወርዶ ዜሮ ሆነ። ወዲያው መቆለፊያው ቋ ብሎ ተለቀቀ። የክዳኑ ጠርዝ ከፍ አለና ትኩስ እንፋሎት ወደ ጣሪያው ወጣ።

በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች ወደ ኋላ ሸሹ። ሰርካዲስ ሄዳ ዋናውን ማብሪያ ዘጋችው። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

«እኔ እኮ ድሮ ክዳኑ እስኪከፈት ሁሉንም ግድግዳ ጋ ነበር የማቆማቸው» አለች። «ቨርዥን አራት ገብቷል፣ ተፈትሿል፣ ከእንግዲህ አያሰጋም ሲሉኝ ነው ቅረቡ ያልኳቸው።»

ከሪማ እስከዚያች ደቂቃ የተናደደችው ስለ ስሟ፣ ስለ ሽቦዋ፣ ሰምቶ ስላልሰማት ፈንታሁን ነበር። አሮጌው ፕሮግራም በአሮጌ ስሙ ቢቆይ ኖሮ ሴቶቹ ግድግዳው ጋ ይቆሙ ነበር። ሽቦው ቢበጠስም፣ ክዳኑ ቢከፈትም፣ ቀለሙ ባዶ ወለል ላይ ነበር የሚገነፍለው። ወደ ክዳኑ ያስጠጋቸው የተጻፈው ቃል ነው፤ ቃሉ ደግሞ በእሷ ስም የተጻፈ ነው። ይህን ስታስበው ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለች። ሰርካዲስ ውሃ ልስጥሽ ብትላት እምቢ አለች።

ሰርካዲስ ግን ጊዜ አላጠፋችም። በኮምቦልቻ ማቅለሚያ ቤት የሚሠሩ ኃላፊዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ስልኳን አውጥታ ለእያንዳንዳቸው ደወለች፤ ያየችውን በዚያ ድምጿ ነገረቻቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሪማን በጥበቃ ያስወጣው ፋብሪካ ሳይቀር ማሽኑን አቆመ።

በሳምንቱ ከሪማ ከደሴ ሚኒባስ ይዛ ቦሩ ሜዳ ሄደች። አባይነሽን አታውቃትም፤ ስሟን እንኳ ከአደጋው በኋላ ነው የሰማችው። አልጋዋን ጠይቃ አገኘቻት። ከአንገቷ እስከ እጇ ድረስ በፋሻ ተጠቅልላለች። ከሪማ ማን እንደሆነች ተናገረች። 

«ስምሽ እዚያ ውስጥ አለ አሉኝ» አለቻት አባይነሽ።

«አለ፣ እትዬ አባይነሽ። የጻፍኩት ግን እኔ አይደለሁም።»

«የጻፈው ሰው ማሽኑን ያውቀዋል?»

«ያውቀዋል።»

አባይነሽ ዓይኗን ጨፈነች። እነሱንም አዲሱ ገብቷል፣ ቅረቡ እንዳሏቸው፣ እንዲያውም ሥራ ቶሎ ስለሚያልቅ ደስ ብሏቸው እንደነበር ነገረቻት። ሌላ አልጠየቀቻትም። ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ አለቻት፤ ከሪማ ከፍ አደረገችላት። ወደ ግራ ሳቢው አለቻት፤ ሳበችው። ስትወጣ የሆስፒታሉ አጥር ጋ ቆማ ብቻዋን አለቀሰች። የንዴት ለቅሶ ነበር፤ የሚያስታግሰው ሰው ቢመጣ ኖሮ ትሰድበው ነበር።

ከሪማ ጉዳዩን የሠራተኛ ደህንነት ለሚቆጣጠረው ቢሮ አመለከተች። ይህን የሰማው ፈንታሁን ሽማግሌ ላከ። የተላኩት መምሬ ወርቅአፈራሁና ሸህ ጀማሉዲን ናቸው። ሸህ ጀማሉዲን የከሪማ የአባቷ ወንድም ናቸው፤ ሆን ተብሎ ነው የተመረጡት። ወሎ ውስጥ ሸህና ቄስ አብረው ደጅ ሲመጡ እምቢ ማለት ከባድ ነገር ነው። ደሴ፣ ሸዋ በር ሰፈር፣ በሸሁ ቤት ተሰበሰቡ። ፈንታሁን ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

መምሬ ጀመሩ። ፈንታሁን እንደተጸጸተ፣ የሴትየዋን የሕክምና ወጪ እንደያዘ፣ ሰው እንደሚሳሳት፣ ቁጣ የራስን ቤት እንደሚያፈርስ አነሱ። ማመልከቻዋን እንድትተውና እርቅ እንዲወርድ ጠየቁ። ከሪማ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«መምሬ፣ ከመጣችሁ ጀምሮ የምታወሩት ስለ እኔ ቁጣ ነው» አለች። «ስለ ክዳኑ አንድም ሰው አላወራም። እኔ ከጋሼ ፈንታሁን ጋር አልተጣላሁም። የተጣላ ይታረቃል። እሳቸው በእኔ ስም ውሸት አስጽፈው ሰው አስጠጉና አስቃጠሉ። ሌላውም ሰው ሊቃጠል መሆኑን እያወቁ ዝም በይ አሉኝ። ይሄን ጠብ አትበሉብኝ።»

አጎቷ ናቸውና ሸህ ጀማሉዲን ዝም ያሰኟታል ተብሎ ተጠበቀ። እሳቸው ግን መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ፈንታሁን ዞሩ።

«ስሙ ሲለወጥ ታውቅ ነበር?»

 «አውቅ ነበር» አለ ፈንታሁን። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ ይሄን ሀቅ ለእኛ ሳይሆን ለሴትየዋና ለፋብሪካዎቹ በአፍህ ንገራቸው። ከዚያ በፊት እዚህ ቤት ዱዓ አላደርግም።»

ዱዓ ሳይደረግ፣ ምርቃት ሳይወርድ ሰዉ ተነሳ። የሸዋ በር ሰዎች እንዲህ ያለ ሽምግልና አይተው አያውቁም፤ ከሪማን የወቀሱም ነበሩ። ልጅቱ ሽማግሌ አሳፈረች አሉ።

ፈንታሁን ቦሩ ሜዳ ሄዶ ለአባይነሽ ተናገረ። ለፋብሪካዎቹም ተናገረ፤ ለሁሉም ይሁን ለግማሾቹ ከሪማ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለችም። የቢሮው ጉዳይ ይጎተታል፤ አንዴ መርማሪው ተቀየረ፣ አንዴ ባለሙያ ይታዘዝ ተባለ። ወርክሾፑ አልተዘጋም። ማቅለሚያ ማሽን የሚሰጠው ግን ስለጠፋ ምጣድና ፍሪጅ ይጠግናል።

ከሪማን ለጥቂት ወራት የሚቀጥራት አልተገኘም። ማሽን ያስቆመች ሴት ተብላ ስሟ ተነስቷል። በኋላ ሰርካዲስ ኃላፊዎቿን ነዝንዛ አስቀጠረቻት። ቨርዥን አራትን እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቆማ፣ እርጥበቱን እያየች ጨረሰችው። ከዚያም በላይ ክዳኑ ላይ ወፍራም የብረት ካስማ አስበየደች፤ ቦርዱ ክፈት ቢልም እንኳ ሰው የእንፋሎቱን መለኪያ በዓይኑ አይቶ ካስማውን ካልነቀለ ክዳኑ ንቅንቅ አይልም። አዲስ ፕሮግራም ሲገባ ማስታወሻውን አሁንም በዚያው መሣሪያ ትጽፈዋለች። ማሽኑ ግን ሠራተኞቹ ባሉበት ሽቦው ተነቅሎ ካልተሞከረ በስተቀር አይበራም። ማስታወሻው ምንም ቢል፣ ሳይሞከር ሰርካዲስም አትቀበልም።

አባይነሽ ድና ወጣች፤ ሁለት ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋታል። ወደ ድሮ ፋብሪካዋ ተመልሳ ያለቀለትን ጨርቅ ጥራት ታያለች። ፈንታሁንንም ደምለውንም ይቅር ብላለች። ከሪማ ይህን ስትሰማ ቤቷ ድረስ ሄዳ፣ ለምን ብላ ተቆጣቻት። አባይነሽ ሳቀችባት።

«ይቅርታው የእኔ ነው ልጄ፣ ቁጣው ያንቺ ነው» አለቻት። «እኔ ያንቺን ተዪ አላልኩሽም። አንቺም የእኔን ተዪልኝ።»

ባለፈው ወር ከሪማ ከደሴ ስትመለስ ደምለው ያለበት ሚኒባስ ገጠማት። ከጎኗ ያለው ቦታ ባዶ ነበርና መጥቶ ተቀመጠ። ሀረጎን ሲወርዱ ቀስ ብሎ፣ ሥራ እንደለወጠ፣ ማስታወሻ መቀየር ምንም ጉዳት የለውም ብሎ ከልቡ ያምን እንደነበር ነገራት። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አላት። ከሪማ ሰምታዋለች። አባይነሽ አውፍ ካለችህ ይበቃሃል፣ ከእኔ ግን የምታገኘው የለም አለችው። ኮምቦልቻ ሲገቡ የከሰዓት ተራዋ ስለደረሰ ከሚኒባሱ ወርዳ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ሄደች።